አሜሪካ ውስጥ በዕዳ ለተከሰሱና ለተፈረደባቸው፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ በክሬዲት ካርድ ወይም በሆስፒታል ዕዳ የሚከሰስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈረድበት ተከራክሮ ተሸንፎ ሳይሆን ሳይቀርብ ቀርቶ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ መረጃ በተገኘባቸው ፍርድ ቤቶች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው የዕዳ ክስ የተቋጨው ተከሳሹ መልስ ባለመስጠቱ ለከሳሹ በተፈረደ ፍርድ ነው። ሕጉ ለባለዕዳ የሚሰጠው ጥበቃ ጥቂት አይደለም። አብዛኛው ግን በጊዜው ካልጠየቁት የሚያልፍ ጥበቃ ነው።

መጥሪያን ችላ ማለት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የከሳሽ ስም ሰምተውት የማያውቁት ኩባንያ ሊሆን ይችላል። ባንኮች ያልተከፈላቸውን ዕዳ በርካሽ ዋጋ ለዕዳ ገዢዎች ስለሚሸጡ ብዙ ጊዜ የሚከሰው ገዢው ነው። ስለዚህ ስሙን አላውቀውም ብለው አይጣሉት፤ ከተጠራጠሩ ወደ ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደውለው በመዝገብ ቁጥሩ ያጣሩ።

የመልስ መስጫው ጊዜ በየስቴቱ ይለያያል፤ ብዙ ቦታ ከ20 እስከ 30 ቀን ነው። መልስ ካስገቡ ከሳሹ ዕዳው የእርስዎ መሆኑን፣ መጠኑንና ከባንኩ በትክክል መግዛቱን የማስረዳት ግዴታ አለበት። ከእጅ ወደ እጅ በተሸጠ ዕዳ ላይ ይህ ሁሉ ሰነድ ሁልጊዜ ተሟልቶ አይገኝም። ቋንቋው የሚያስቸግርዎት ከሆነ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎት ከቀጠሮው አስቀድመው ይጠይቁ። ልጅን ለአስተርጓሚነት ይዞ መሄድ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ለልጁም ለጉዳዩም አይበጅም።

የዕዳ ሰብሳቢውን ለማስታገሥ ትንሽ ገንዘብ መላክ

ዕዳም ይርጋ፣ ማለትም ክስ ሊመሠረትበት የሚችል የጊዜ ገደብ፣ አለው። በብዙ ስቴቶች ከ3 እስከ 6 ዓመት ነው፤ ለምሳሌ ኒውዮርክ በ2022 የክሬዲት ካርድና መሰል የሸማች ዕዳዎችን ይርጋ ወደ 3 ዓመት አውርዶታል። ችግሩ፣ በአንዳንድ ስቴቶች 20 ዶላር እንኳ መክፈል ይርጋውን እንደገና ከመጀመሪያው ያስቆጥረዋል። በ1977 የወጣው የፌዴራል የዕዳ አሰባሰብ ሕግ፣ የሰብሳቢው ማሳወቂያ ከደረሰዎት በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ዕዳውን በጽሑፍ የመቃወም መብት ይሰጥዎታል። ከተቃወሙ፣ ሰብሳቢው ማረጋገጫ እስኪልክልዎት ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። ይህ ደብዳቤ ግን ለፍርድ ቤት የሚሰጠውን መልስ አይተካም፤ ክስ ከተመሠረተ መልሱን ለብቻው ማስገባት ያስፈልጋል።

“አንዴ ተፈርዷል” ብሎ መተው

መጥሪያው በትክክል ካልደረሰዎት፣ ለምሳሌ ከለቀቁት አፓርታማ በር ላይ ተለጥፎ ከቀረ፣ ፍርዱ እንዲነሳ ማመልከት ይችላሉ። የኪራይ ውልና በዚያ ጊዜ በአዲሱ አድራሻዎ የመጡ የመብራት ወይም የስልክ ቢሎች ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ፍርዱን ባወቁ ማግሥት ቢንቀሳቀሱ ይሻላል፤ ለአንዳንድ ምክንያቶች የማመልከቻው ጊዜ አጭር ነው፣ ወለዱም እየጨመረ ይሄዳል።

ከደመወዝ የሚቆረጠውን ሳያሰሉ መቀበል

የፌዴራል ሕጉ ጣራ አስቀምጧል። ግብርና ሌሎች በሕግ ግዴታ የሆኑ ተቀናሾች ከወጡ በኋላ ከሚቀረው ሳምንታዊ ደመወዝ፣ ለተራ የሸማች ዕዳ ሊቆረጥ የሚችለው ከሁለቱ ያነሰው ነው፦ ወይ 25 በመቶው፣ ወይ ከ217.50 ዶላር በላይ ያለው። በሳምንት 260 ዶላር የሚቀረው ሰው 25 በመቶው 65 ዶላር ይሆናል፤ ከ217.50 በላይ ያለው ግን 42.50 ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ አይቆረጥበትም። 217.50 ወይም ከዚያ በታች የሚቀረው ሰው ምንም አይነካበትም። ብዙ ስቴቶች ከዚህ የበለጠ ይከላከላሉ፤ ቴክሳስና ፔንሲልቬንያ ለተራ የሸማች ዕዳ ደመወዝ እንዲያዝ በአጠቃላይ አይፈቅዱም። በአንድ ዕዳ ምክንያት ደመወዙ የተያዘበትን ሠራተኛ አሠሪው በዚያ ብቻ ከሥራ ሊያባርረው አይችልም።

የተጠበቀን ገንዘብ ከሌላ ጋር ማደባለቅ

የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ)፣ የኤስኤስአይ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ድጎማ) ወይም የቀድሞ ወታደሮች ክፍያ የሚያገኙ ወላጆች ያሏችሁ ይህን ልብ በሉ። የሸማች ዕዳ ሰብሳቢ ይህን ገንዘብ ሊወስድ አይችልም። ክፍያው በቀጥታ ባንክ የሚገባ ከሆነ፣ የእግድ ትእዛዝ ሲመጣ ባንኩ ራሱ የ2 ወር መዝገብ አይቶ በዚያ ጊዜ የገባውን ያህል ሳያግድ መተው አለበት። ሒሳቡ ውስጥ 3,500 ዶላር ካለና በ2 ወር የገባው ክፍያ 2,800 ከሆነ፣ ሊታገድ የሚችለው 700 ብቻ ነው። ገንዘቡን ወደ ሌላ ሒሳብ ካዛወሩት ወይም በቼክ ተቀብለው ካስገቡት ግን ይህ ጥበቃ በራሱ አይሠራም፤ የገንዘቡን ምንጭ ለፍርድ ቤት ማስረዳት የእርስዎ ሥራ ይሆናል። ከልጅ ጋር የጋራ ሒሳብ ሲሆን ደግሞ የልጁ ዕዳ የእናትን ገንዘብ ሊያሳግድ ይችላል። ለጡረታ ክፍያው ብቻ የሚሆን የተለየ ሒሳብ መክፈት ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል።

የንብረት ምርመራ ቀጠሮን መቅረት

በክሬዲት ካርድ ዕዳ ማንም አይታሰርም፤ አስራለሁ ብሎ የሚያስፈራራ ሰብሳቢ ራሱ ሕግ እየጣሰ ነው። ከፍርድ በኋላ ስለ ገቢዎና ንብረትዎ እንዲጠየቁ ፍርድ ቤት ሲጠራዎት አለመቅረብ ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ መጣስ ነው፤ በአንዳንድ ስቴቶች ተይዘው እንዲቀርቡ የሚያዝ ትእዛዝ ያስወጣል። ምንም የሌለዎት ቢሆን እንኳ ይቅረቡ። የደመወዝ ወረቀትዎንና የባንክ መግለጫዎን ይያዙ፣ የትኛው ገቢዎ በሕግ የተጠበቀ እንደሆነም እዚያው ይናገሩ። ጠበቃ የመቅጠር አቅም ከሌለዎት ከቀጠሮው በፊት በአካባቢዎ ወዳለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ይደውሉ፤ ሲደውሉም የፍርዱን ወረቀትና የመዝገብ ቁጥሩን አጠገብዎ ያድርጉ።