ስለ ምግብ ቧንቧና ስለ ቆላፊ ጡንቻዎቹ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ምግብ ከአፍ ተነሥቶ እስከ ፊንጢጣ በሚያደርገው ጉዞ በየመገናኛው ቀለበት መሳይ ጡንቻዎች ይጠብቁታል፤ በሕክምናው ቋንቋ ስፊንክተር ይባላሉ፣ እዚህ ግን ቆላፊ ጡንቻ እንላቸዋለን። ስለ እነርሱ የሚነገሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፦ ጉሮሮን ከጨጓራ የሚያገናኘውን የምግብ ቧንቧ ተራ ቱቦ፣ ቆላፊ ጡንቻን ደግሞ ሲገፉት የሚከፈት መዝጊያ አድርጎ ከማሰብ።

የመጀመሪያው ስህተት ምግብ በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የምግብ ቧንቧ ግድግዳው ሁለት የጡንቻ ድርብ አለው፤ የውስጠኛው ቧንቧውን ዙሪያውን ሲከብበው የውጪኛው ቁመቱን ተከትሎ ይወርዳል። በምንውጥበት ጊዜ ከምግቡ በላይ ያለው የዙሪያ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ከበታቹ ያለው ይላላል፤ ይህ መኮማተር እንደ ሞገድ ወደ ታች እየተጓዘ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ምግቡን ጨጓራ ያደርሰዋል። ሰው ተዘቅዝቆም ቢሆን መዋጥ የሚችለው፣ የጠፈር ተጓዦችም የሚመገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ቆሞ ውኃ የሚጠጣ ሰው ውኃው ከሞገዱ ቀድሞ ስለሚወርድ አባባሉ ጥቂት እውነት እንዳለው አልክድም። ሆኖም የተዋጠው ምግብ መንገድ ላይ ቢቀር ግድግዳው በመለጠጡ ብቻ፣ እንደገና መዋጥ ሳያስፈልግ፣ ሁለተኛ ሞገድ ይነሣል፤ ተራ ቱቦ እንዲህ አያደርግም።

መዋጥን ከመነሻው እስከ መድረሻው በፈቃዳችን የምናዝዘው ሥራ አድርጎ መቁጠርም ስህተት ነው። የቧንቧው የላይኛው ክፍል እንደ ክንድና እንደ እግር ጡንቻ ያለ፣ የታችኛው ክፍል ልሙጥ ጡንቻ (ያለ ፈቃዳችን የሚሠራ)፣ መካከሉ ደግሞ የሁለቱ ድብልቅ ነው። የላይኛው ጡንቻ በዓይነቱ ከክንዳችን ጋር ቢመሳሰልም መዋጡ አንዴ ከተጀመረ አመራሩ ወደ አንጎል ግንድ ስለሚተላለፍ መሐል ላይ ልናቆመው አንችልም።

ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ግን ምግቡ ሲደርስ ገፍቶ ቆላፊውን ጡንቻ ይከፍተዋል የሚለው እምነት ነው። በቧንቧውና በጨጓራው መገናኛ የሚገኘው የታችኛው ቆላፊ በዕረፍት ጊዜ ተኮማትሮ ይቆያል፤ የሚላላው ምግቡ ሲነካው ሳይሆን መዋጡ በተጀመረ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ፣ ምግቡ ገና መንገድ ላይ ሳለ ነው። ይህን የሚያደርጉት ናይትሪክ ኦክሳይድን የመሰሉ ንጥረ ነገሮችን የሚለቁ ነርቮች ናቸው፤ ስለዚህ መከፈት ማለት ነርቭ የሚያዝዘው መላላት ነው። አካሌዥያ በሚባለው ሕመም እነዚህ የሚያላሉ ነርቮች ስለሚጠፉ የቧንቧው ሞገድ ይቋረጣል፣ ቆላፊውም አልላላ ይላል፤ ምግብም ከበላዩ ይጠራቀማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1674 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) እንዲህ ያለ ሕመምተኛን ጫፉ ላይ ስፖንጅ በታሰረበት የዓሣ ነባሪ አጥንት ቆላፊውን እያሰፋ እንደረዳው ጽፏል። በጉሮሮና በቧንቧው መገናኛ ያለው የላይኛው ቆላፊ ግን አሠራሩ ይለያል፦ ዘወትር በሚደርሰው የነርቭ ትእዛዝ ተዘግቶ ይቆያል፣ በምንውጥበት ጊዜ ትእዛዙ ለአፍታ ይቋረጣል፣ ማንቁርትም ወደ ላይና ወደ ፊት ተስቦ ይከፍተዋል። ጣትዎን በጉሮሮዎ ፊት አሳርፈው ምራቅ ቢውጡ ይህ መነሣት ይሰማዎታል።

ቃር የሚይዘው ሰው ሁሉ ቆላፊው ደክሟል ብሎ መደምደምም ትክክል አይደለም። የታችኛው ቆላፊ ጤናማ ሆኖ ሳለ ጨጓራ በምግብ ወይም በአየር ሲለጠጥ፣ ሳንውጥ እንኳ፣ ለአጭር ጊዜ ይላላል፤ ግሳት የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። አሲድ ወደ ላይ የሚመለሰውም በአብዛኛው በዚህ አጋጣሚ ነው። በተጨማሪም ቆላፊው ብቻውን አይሠራም፤ በዙሪያው ያለው የድያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለየው) ጡንቻ፣ በተለይ ስንስልና ስናምጥ፣ ከውጭ ይጨምቀዋል። ጨጓራው በድያፍራሙ ቀዳዳ ሽቅብ ሲወጣ ሁለቱ ስለሚነጣጠሉ መከላከያው ይላላል።

ቆላፊዎቹን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ማየትን በአጭሩ ልለፈው። የጨጓራው መውጫ በደንብ የደቀቀውን ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ያሳልፋል፤ ሐሞትና የቆሽት ጭማቂ የሚወጡበት፣ በ1887 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በገለጸው በጣሊያናዊው ተመራማሪ በሩጀሮ ኦዲ ስም የሚጠራው ቆላፊ በሆርሞን ይላላል፤ በፊንጢጣ ደግሞ ውስጠኛው ከፈቃዳችን ውጭ፣ ውጪኛው በፈቃዳችን ይሠራሉ።

የመጨረሻው ስህተት ስሜትን ማመን ነው። ምግብ አንገቴ ላይ ተቀረቀረ የሚል ሰው መሰናክሉ በርግጥ እዚያ ላይሆን ይችላል፤ ከታች፣ ከጨጓራው መግቢያ አጠገብ የተፈጠረ ችግር አንገት ላይ እንዳለ ሆኖ ይሰማልና። የደረት ሕመምም እንዲሁ ያሳስታል። ለልብ ሕመም የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን የደም ሥሮችን ብቻ ሳይሆን የምግብ ቧንቧን ልሙጥ ጡንቻም ያላላል፤ በመሆኑም ሕመሙ በመድኃኒቱ መልቀቁ ምንጩ ልብ ይሁን የምግብ ቧንቧ አይለይም፣ ስለዚህ ምርመራው የሚጀመረው ከልብ ነው።