የህግ ምሩቅ ስራ ፍለጋ ላይ ሁለት ሶስት ጥሪ ሲጋጭበት ምን ያድርግ? ደረጃ በደረጃ

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ካምፓስ ህግ ተምረው ከወጡ ልጆች ጋር ስናወራ ሁሌ የሚነሳው ስራ የለም የሚለው ነው፣ ልክ ናቸው፣ ግን ብዙም የማይወራ ሌላ ጣጣ አለ። ስልክ ሳይጮህ ወራት ይከርምና ድንገት በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ ባንክ ለፅሁፍ ፈተና ይጠራል፣ ክልሉ የጀማሪ ዓቃቤ ህግ ተፈታኞችን ስም ይለጥፋል፣ አዲስ አበባ ያለ የጥብቅና ድርጅት ደግሞ ሐሙስ በዙም እናናግርህ ይላል። ያኔ ልጁ ይደነግጥና ወይ ለሁሉም እሺ ይላል ወይ አንዱን ሳይደውል ይቀራል። ሁለቱም ጉዳት አላቸው፣ ስለዚህ እንዲህ አይነት ሳምንት ሲመጣ ምን ከምን እንደሚቀድም ዘርዘር አድርጌ ልፃፈው፣ ጎንደር ሆኖ ስራ ለሚፈልግ ሰው በሚሆን መልኩ።

ደረጃ 1፦ ያመለከታችሁበትን ሁሉ አንድ ቦታ ፃፉ

ደብተርም ይሁን የስልክ ኖት ለውጥ የለውም። የመስሪያ ቤቱ ስም፣ የስራ መደቡ ልክ ማስታወቂያው ላይ እንደተፃፈው፣ ያመለከታችሁበት ቀን፣ የደወለላችሁ ሰው ስምና ስልክ፣ እና ምን ብላችሁ እንደመለሳችሁ። ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ የቴሌግራም ቻናሎች ቀኑ ካለፈ በኋላ ያጠፉታል ወይ ከስር ከስር በመቶ ሌላ ማስታወቂያ ይቀበራል፣ ከወር በኋላ ሲደውሉላችሁ "የትኛው ነበር?" ብሎ መጠየቅ ደስ አይልም።

እዚህ ላይ ቀንና ሰዓት አደራ። ባንክና መንግስት መስሪያ ቤት በኛ አቆጣጠር ነው የሚፅፉት፣ ኤንጂኦዎችና አንዳንድ የአዲስ አበባ ድርጅቶች ደግሞ በፈረንጅ። ኢሜይል ላይ "05/02" ብሎ ሲመጣ የካቲት 5 መስሏችሁ ብትቀመጡ አለቀ፣ ፌብሯሪ 5 ከሆነ በ2018 ጥር 28 ላይ ነው የሚውለው፣ ሳምንት ሙሉ ቀድሟል ማለት ነው። ሰዓቱም እንደዛው፣ "9፡00" ሲባል ጠዋት 3 ሰዓት ነው ወይስ ከሰዓት 9 ሰዓት? ዝም ብላችሁ አትገምቱ፣ "ጠዋት በኛ 3 ሰዓት ማለት ነው አይደል?" ብላችሁ መልሳችሁ ፃፉ፣ ማንም በዚህ ምክንያት አይንቃችሁም፣ እንደውም ጥንቁቅ ነው ይሏችኋል።

ደረጃ 2፦ ስልኩ ሳይጮህ በፊት የምትፈልጉትን በቅደም ተከተል አስቀምጡ

ሶስቱም ሲጠሩ ማሰብ ከባድ ነው፣ ቤተሰብ አንድ ይላል፣ ጓደኛ ሌላ ይላል፣ ደሞዙ ደግሞ ራሱን ችሎ ይጮሃል። ስለዚህ አስቀድማችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ለየራሳቸው መልሱ።

የት ነው የምመደበው? ዳኝነትና ዓቃቤ ህግነት ላይ ፈተናውን ማለፍ አንድ ነገር ነው፣ ምደባው ሌላ ነው። ጎንደር ከተማ ትቀራላችሁ ማለት አይደለም፣ ዳባት፣ ደባርቅ፣ ገንዳ ውሃ ሊሆን ይችላል። ይሄን ጥሩ ነው መጥፎ ነው አልልም፣ ወረዳ ላይ የሚሰራ ጀማሪ በአንድ አመት የሚያየው መዝገብ ከተማ ያለው ሲያልመው የሚኖረው ነው። ግን እናቱን የሚያስታምም ልጅና ነፃ የሆነ ልጅ እኩል አይወስኑም። ባንክም ቢሆን የስራ ቦታው ዋናው መስሪያ ቤት ነው ወይስ ዲስትሪክት ብላችሁ ጠይቁ።

ከዛ በኋላ የት ያደርሰኛል? አንድ ቀን ጠበቃ መሆን የሚፈልግ ሰው ለፈቃዱ በህግ ሙያ የተሰራ የስራ ልምድ እንደሚጠየቅ ያውቃል፣ ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤው ላይ የስራ መደቡ ስም ምን ተብሎ እንደሚፃፍ ከደሞዙ እኩል አስፈላጊ ነው። "የህግ ባለሙያ" ወይ "ነገረ ፈጅ" (የመስሪያ ቤቱን ክርክር የሚይዝ) ከሆነ ግልፅ ነው። ስሙ "ኦፊሰር" ምናምን ሆኖ ስራው ግን ህግ ከሆነ፣ የስራ ዝርዝሩን በፅሁፍ ስጡኝ ማለት አለባችሁ፣ ከአመታት በኋላ ማስረጃ ፍለጋ ከመሮጥ አሁን መጠየቅ ይቀላል። የጥብቅና ድርጅት ደግሞ አዲስ መንገድ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሰሩ ከፈቀደ ወዲህ ነው ጀማሪ ሆኖ ገብቶ እዛው የማደግ ነገር መልክ የያዘው።

የአገልግሎት ግዴታ አለው ወይ? አንዳንድ ቅጥር ከስልጠና ጋር ይመጣል፣ ከስልጠናው ጋር ይሄን ያህል ጊዜ አገለግላለሁ የሚል ውል ካለ፣ ሌላው አማራጭ ሁሉ በዛ ፊርማ ይዘጋል።

ደረጃ 3፦ ቀን ሲጋጭ የቱ እንደሚነቃነቅ ለዩ

ሁሉም ጥሪ እኩል አይደለም። ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ የሚፈተንበት የባንክ ወይ የመንግስት የፅሁፍ ፈተና ለአንድ ሰው ብሎ አይዛወርም፣ ብትለምኑም ትርፉ ድካም ነው። የጥብቅና ቢሮ ቃለ መጠይቅ ግን ይነቃነቃል፣ ምክንያቱም ጠበቃው ራሱ ቀጠሮ ሲቀየርበት የሚኖር ሰው ነው፣ ችሎት ሲዘገይ እናንተን የሚያዛውረው እሱ ነው። ስለዚህ ፈተናውን ትይዙና ቢሮውን ታዛውራላችሁ፣ ቢሮውን የበለጠ ብትፈልጉትም እንኳን።

የምታዛውሩት ግጭቱን ባወቃችሁበት ቀን ነው። ዋዜማው ላይ መደወል ሰበብ ይመስላል። በስልክ አጠር አድርጋችሁ እንዲህ በሉ፦

"ጤና ይስጥልኝ፣ ለሐሙስ ለቃለ መጠይቅ የጠራችሁኝ እገሌ ነኝ ከጎንደር። ሐሙስ ጠዋት ቀድሞ የተያዘ የፅሁፍ ፈተና አለብኝ። ለእናንተ ቦታ ትልቅ ፍላጎት አለኝ፣ ሐሙስ ከሰዓት ወይም አርብ በማንኛውም ሰዓት ብታናግሩኝ ደስ ይለኛል፣ ካልሆነ ደግሞ የምትሉኝን እሰማለሁ።"

ሁለት አማራጭ ሰጣችሁ፣ ምክንያቱን ሳታስረዝሙ እውነቱን ተናገራችሁ። አያቴ ሞተች ማለት አያስፈልግም፣ ሌላ ቦታም ተወዳድሬያለሁ ማለት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ማንም ጀማሪ አንድ ቦታ ብቻ አያመለክትም፣ ቀጣሪዎቹም ያውቃሉ። ከስልኩ በኋላ የተስማማችሁበትን ቀንና ሰዓት በኢሜይል ወይ በቴሌግራም ፃፉላቸው።

መንገዱንም አስቡት። ከጎንደር ባህር ዳር 180 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ በመኪና ከ700 በላይ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው ወይ የሚለው ራሱ ጥያቄ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ማክሰኞ ባህር ዳር ረቡዕ አዲስ አበባ ብላችሁ አትያዙ፣ መሀል ላይ ቢያንስ አንድ ቀን ትርፍ ይኑር። ከአዘዞ በአውሮፕላን መሄድ ከተቻለ ጥሩ፣ ካልተቻለ የመጀመሪያውን ዙር ኦንላይን ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ ብዙ ቢሮ እሺ ይላል። በጥምቀት ሰሞን፣ ከጥር 10 እስከ 12፣ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ትኬትም ፀጥ ያለ ቦታም ማግኘት ስለሚከብድ በነዛ ቀናት ቀጠሮ ባይያዝ ይሻላል። ኦንላይን ከሆነ ደግሞ መብራትና ኔትወርክ አስተማማኝ የሆነበት ቦታ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ሞክሩ፣ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ሙዚቃ ከኋላ እየጮኸ ስለ ውል ህግ ማስረዳት ይከብዳል።

ደረጃ 4፦ አንዱ "ተቀብለንሃል" ሲል ሌላውን እየጠበቃችሁ ከሆነ

ዋናው ነገር እዚህ ነው፣ ብዙ ልጅ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ባንኩ ሰኞ ፈርም ይላል፣ የምትፈልጉት የጥብቅና ድርጅት ግን ውጤቱን ገና አልተናገረም። አብዛኛው ልጅ "እሺ" ይልና ከዛ ያስባል።

የተማራችሁትን ለራሳችሁ ተጠቀሙበት። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የስራ ውል የተለየ ፎርም አይጠየቅበትም፣ በቃልም ይመሰረታል፣ ስለዚህ በስልክ "እሺ ተቀብያለሁ" ማለት ቀልድ አይደለም። በሌላ በኩል የፍትሐ ብሔር ህጉ አንቀፅ 1682 ዝምታ እንደመቀበል አይቆጠርም ይላል፣ አንቀፅ 1690 ደግሞ ለመልስ ጊዜ ወስኖ ሃሳብ ያቀረበ ሰው ጊዜው እስኪያልፍ በሃሳቡ ይታሰራል። ትርጉሙ ለእናንተ ምንድነው፣ "እስከ አርብ አሳውቀን" ካሏችሁ እስከ አርብ ያለው ጊዜ የእናንተ ነው፣ ተረጋግታችሁ ተጠቀሙበት። ጊዜ ካልወሰኑ እናንተ ጠይቁ። አንቀፅ 1694ም አትርሱ፣ "እቀበላለሁ ግን ደሞዙ ይጨመር" ካላችሁ መቀበል ሳይሆን አዲስ ሃሳብ ማቅረብ ነው፣ የመጀመሪያው ሊቀር ይችላል። ጥያቄ ከሆነ እንደ ጥያቄ ብቻ አቅርቡት፣ "ደሞዙ ላይ መነጋገር ይቻላል ወይ?" ብላችሁ።

ጊዜ ስትጠይቁ፦

"ስለመረጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ውሳኔዬን በሚገባ አስቤ ለመስጠት እስከ አርብ ከሰዓት ጊዜ ብትሰጡኝ? አርብ በእርግጠኝነት አሳውቃለሁ።"

ከዛ ወዲያው ለምትጠብቁት ቦታ ትደውላላችሁ። ሌላ ቦታ ተቀብለውኛል፣ አርብ መልስ መስጠት አለብኝ፣ ምርጫዬ እናንተ ስለሆናችሁ ከዛ በፊት ውጤቴን ማወቅ እችል እንደሆነ ልጠይቅ ነው ትላላችሁ። ይሄ ማስፈራራት አይደለም፣ መረጃ ነው። ግን እውነት መሆን አለበት። ያልተሰጣችሁን ኦፈር ተሰጠኝ ማለት፣ የሌለ ደሞዝ መጥራት፣ ይሄን በፍፁም አታድርጉ። ጎንደር ላይ ዳኛውም ዓቃቤ ህጉም ጠበቃውም የባንኩ ነገረ ፈጅም ጠዋት ጠዋት አንድ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ነው የሚገናኙት፣ ግማሾቹ አብረው የተማሩ ናቸው፣ "ያ ልጅ እናንተም ጋ ነበር እንዴ?" እስኪባባሉ ቀን አይፈጅም። ነገ ተከራካሪ ሆናችሁ ፊታቸው የምትቆሙት እነሱ ናቸው።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፣ ልክ ነው፣ ግን ከመውጣታችሁ በፊት ሁለቱንም ዛፍ ዞር ብሎ ማየት መብታችሁ ነው። አርብ ደርሶ ሁለተኛው ዝም ካለ፣ በእጃችሁ ባለው ላይ ትወስናላችሁ። እኔ በበኩሌ ለጀማሪ፣ የተረጋገጠው ስራ እውነተኛ የህግ ስራ ከሆነ ያንን ያዙ ነው የምለው፣ ያልመጣ መልስ ላይ ተስፋ አድርጎ የመጣውን መመለስ ቤተሰብ ለሚጠብቀው ልጅ ከባድ ነው።

ደረጃ 5፦ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱንና ዋሱን ጨርሱ

ዋስ ቀላል ነገር አይደለም። ባንኮችና ብዙ ድርጅቶች ደሞዝተኛ ዋስ ይጠይቃሉ፣ ዋሱ ከመስሪያ ቤቱ ደብዳቤ አፅፎ፣ ፎቶ ይዞ፣ በስራ ሰዓት ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚመጣው። አጎታችሁን ለአንዱ ቦታ ደብዳቤ አፅፋችሁ ሳምንት ሳይሞላ "አጎቴ፣ ቀየርኩ፣ ለሌላ ቦታ ይፃፍልኝ" ማለት ይከብዳል፣ መስሪያ ቤቱም ለአንድ ሰራተኛ ደጋግሞ ዋስትና መፃፍ ደስ አይለውም። ስለዚህ ወደ ዋስ የምትሄዱት ከወሰናችሁ በኋላ ነው፣ እስከዛ ግን "ምናልባት አስቸግርዎታለሁ" ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ)፣ ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ዝርዝር)፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ ፋይዳ፣ ቲን፣ ኦሪጅናሉን ከአራት አምስት ኮፒ ጋር በአንድ ፎልደር ያዙ። ኦሪጅናሉን አሳይታችሁ ትመልሳላችሁ እንጂ የትም ጥላችሁ አትሂዱ፣ ሌላው ቦታ በማግስቱ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ደረጃ 6፦ እምቢ ማለት

ለተዋችሁት ቦታ በዛው ቀን ደውሉ። ከናንተ ቀጥሎ ተጠባባቂ የሆነ ልጅ አለ፣ ምናልባት የክፍላችሁ ልጅ ነው፣ እናንተ ዝም ባላችሁ ቁጥር እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። "ሌላ ቦታ ለመስራት ወስኛለሁ፣ ለሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ፣ ቦታውን ለሌላ ሰው እንድትሰጡት ዛሬውኑ ላሳውቃችሁ ብዬ ነው" በቃ። የጠሯችሁ አዛውንት ጠበቃ ከሆኑ ግን በቴሌግራም አይሆንም፣ ከተማው ውስጥ ካሉ ቢሮ ብቅ ብላችሁ "ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላችሁ ተናገሩ።

ደረጃ 7፦ ከጀመራችሁ በኋላ የተሻለው ቢመጣስ

ይመጣል፣ የመንግስት ውጤት በተለይ ይዘገያል። ባንክ፣ የግል ድርጅት ወይ የጥብቅና ቢሮ ከሆናችሁ በአዋጅ 1156/2011 የምትገዙ ናችሁ፣ የሙከራ ጊዜ በፅሁፍ ከተደረገ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም፣ በዛ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላላችሁ፣ ከዛ በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ። ዳኞች፣ ዓቃብያነ ህግና የመንግስት ሰራተኞች በዚህ አዋጅ አይገዙም፣ የራሳቸው ህግ ስላላቸው እሱን አንብቡ።

ህጉ ያለ ማስጠንቀቂያ ልቀቅ ቢልም ቢያንስ የያዛችሁትን መዝገብ ለሚቀጥለው ሰው አስረክባችሁ ውጡ። እያንዳንዱ ፋይል የት እንደደረሰ፣ ቀጣይ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ፣ ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) የሚቆጠርበት ካለ ቀኑን በትልቁ ፅፋችሁ፣ የተረከበው ሰው እንዲፈርም አድርጉ፣ አንዱን ኮፒ እናንተ ያዙ። መታወቂያና ላፕቶፕ መልሳችሁ ክሊራንሱን ጨርሱ፣ የስራ ልምድ ማስረጃውን እዛው እያላችሁ ጠይቁ፣ አሰሪው የመስጠት ግዴታ አለበት፣ የስራ መደቡ ስምና የጀመራችሁበት ቀን በትክክል መፃፉን፣ ማህተሙም መኖሩን ከቢሮው ሳትወጡ አረጋግጡ።