የእንጉዳይ ክፍል ፋን ሲያጉረመርም

ኦይስተር እንጉዳይን በትርፍ ክፍል ወይም በሰርቪስ ቤት የሚያለማ ሰው ፋኑን ማታ አጥፍቶ መተኛት አይችልም። እንጉዳይ እንደ እኛው ኦክስጅን ስቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያስወጣ ክፍሉ ሌሊትም መተንፈስ አለበት። ጎረቤት ደግሞ ግድግዳው እስኪነጋ ሲያጉረመርም አይታገሥም። በዚህ ጊዜ ብዙው ሰው የእንቁላል ካርቶንና ስፖንጅ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ድካሙ ከንቱ ነው። ካርቶኑ ቀጭንና ቀላል ስለሆነ የፋንን ወፍራም ድምፅ አያቆምም፤ በዚያ ላይ እርጥበቱን ጠጥቶ ሻጋታ ያበቅላል። ለእንጉዳይ ቤት ከሻጋታ የከፋ እንግዳ የለም።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለዩ። ፋኑ በሙሉ ፍጥነት እየሠራ ሳለ ማጥፊያውን ተጫኑና አዳምጡ። ድምፁ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ጣጣው የኤሌክትሪክ ነው፤ ክንፉ እየዘገየ ሲሄድ አብሮት እየወረደ ከጠፋ ግን ከክንፉ፣ ከኩሽኔታው ወይም ከአየሩ የሚመጣ ነው። ቀጥሎ እንደገና አስነሱትና መዳፋችሁን ግድግዳው፣ ኮርኒሱና በሩ ላይ እያሳረፋችሁ ዙሩ። እጃችሁ ሥር የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ ከፋኑ ይልቅ የሚጮኸው ቤቱ ነው። ለማረጋገጥ መብራቱን አጥፍታችሁ ፋኑን ከማሰሪያው ፍቱት፣ ወፍራም ስፖንጅ ላይ አስቀምጡትና ጣታችሁን ከክንፉ አርቃችሁ ለአንድ ደቂቃ አስነሱት። ጸጥታው ካስገረማችሁ መፍትሔው አሰቃቀሉ ላይ ነው። የስልክ የድምፅ መለኪያ ቁጥር ትክክለኛነቱ አያስተማምንም፤ ሆኖም ከፋኑ 1 ሜትር ርቃችሁ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ብትለኩ በፊትና በኋላ ያለውን ለውጥ ያሳያችኋል።

አብዛኛው ድምፅ የሚመጣው ፋኑ ከሚፈለገው በላይ ስለሚሮጥ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 3 ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር የሆነ ክፍል 18 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አየሩ በሰዓት 6 ጊዜ ይለወጥ ካልን የሚያስፈልገው በሰዓት 108 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ባለ 150 ሚሊ ሜትር የቱቦ ፋን (ቱቦ መሃል የሚገጠም ፋን) መለያው ላይ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ400 ሜትር ኩብ በላይ ይጻፍበታል። ይህ ማለት ግን ትንሽ ፋን ግዙ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ይሻላል። ያንኑ 108 ሜትር ኩብ በ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ብታሳልፉት አየሩ በሰከንድ 3.8 ሜትር ይሮጣል፣ በ150 ሚሊ ሜትር ቱቦ ግን 1.7 ሜትር ብቻ። ትልቁን ፋን ገዝቶ በዝግታ ማስኬድ ትንሹን ከማስጨነቅ ሁልጊዜ ይመረጣል። የፋን ፍጥነት በ20 በመቶ ሲቀንስ ድምፁ በ5 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ፣ በግማሽ ሲቀንስ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ጆሯችን 10 ዴሲቤል የቀነሰን ድምፅ በግማሽ እንደተቀነሰ ነው የሚሰማው። አየሩ ግን የሚቀንሰው በፍጥነቱ ልክ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ የምታተርፉትን ያህል ሌላ የትም አታተርፉም።

ፍጥነቱን በምን እንቀንስ? በአምፖል ዲመር (ብርሃን ማደብዘዣ) አይሁን። ዲመር የኤሌክትሪኩን ሞገድ እየቆረጠ ስለሚያሳልፍ ሞተሩ በዝግታ እየዞረም እንደ ንብ ይጮኻል፣ ይግላልም። ባለ ደረጃ ትራንስፎርመር መቆጣጠሪያ፣ ወይም ኢሲ (EC) የሚባል፣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስ አብሮት የተሠራ ሞተር ያለው ፋን ግዙ። መብራት ሲጠፋ ፋኑን በኢንቨርተር የምታስነሱም ተጠንቀቁ፤ ርካሾቹ ኢንቨርተሮች ንጹህ ሞገድ ስለማይሰጡ ያው ጩኸት ይመለሳል። አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፦ መቆጣጠሪያው ቮልቴጁን በጣም ሲያወርደው እየዞረ ያለ ፋን መዞሩን ይቀጥላል፣ ከቆመ በኋላ ግን በራሱ መነሳት ያቅተዋል። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞተሩ ቆሞ እያጉረመረመ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ደረጃውን ከመረጣችሁ በኋላ መብራቱን አጥፍታችሁ፣ ክንፉ ሙሉ በሙሉ ሲቆም መልሳችሁ አብሩ። በራሱ ካልተነሳ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ።

ወደ አሰቃቀሉ እንምጣ። ፋን ቆርቆሮ ላይ በብሎን ማሰር ከበሮ መሥራት ነው፤ ኮርኒስም፣ የኮንዶሚኒየም አግሮስቶን ግድግዳም እንደዚያው ነው። ፋኑን ከጣሪያው ወራጅ ወይም ራሱን ችሎ ከሚቆም የእንጨት ፍሬም ላይ አንጠልጥሉት። ማንጠልጠያው ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጡ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት ጥብጣቦች ይሁኑ። ፋኑ በራሱ ክብደት ጎማውን ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ሊስበው ይገባል። ካልሳበው ጎማው ስለጠነከረ ንዝረቱን ያሳልፋል፤ ጥብጣቡን አቅጥኑት ወይም አስረዝሙት። ጎማ ከጊዜ በኋላ ስለሚበጠስ ላላ ያለ የሽቦ መያዣ ጨምሩ።

እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተው ሲያበቁ ፋኑን በጠንካራ ቱቦ በቀጥታ ከግድግዳው ጋር የሚያገናኙ አሉ። ንዝረቱ በመስኮት ወጥቶ በበር ይገባል። በፋኑና በቱቦው መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የሸራ ወይም የጎማ መገናኛ አድርጉ፤ ሁለቱ ጠርዞች ፈጽሞ አይነካኩ። ቱቦው የሚያልፍበትን የግድግዳ ቀዳዳም በዙሪያው በ2 ሳንቲ ሜትር አስፉት። ክፍተቱን በስፖንጅ ሙሉና ከላዩ ሲሊኮን ቀቡት። ሲሚንቶ ከሞላችሁበት ቱቦውና ግድግዳው አንድ አካል ሆኑ ማለት ነው።

የአየሩ ድምፅ ደግሞ ከመታጠፊያ ይመጣል። የታጠፈ የቱቦ መገናኛ ከፋኑ አፍ ላይ ወዲያው አይገጠምም፤ ለ150 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቢያንስ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ ተዉለት። ተለጣጭ የአልሙኒየም ቱቦ ተጨማዶ ከተገጠመ ስለሚያንሾካሹክ ወጥራችሁ ትርፉን ቁረጡ። በር ሥር የፉጨት ድምፅ ካለ የአየር መግቢያችሁ ጠቧል። ዝንብ የሚከላከል ወንፊት ብዙውን ቀዳዳ ስለሚዘጋ፣ ወንፊት ያለው መግቢያ ከመውጫው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይስፋ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ጩኸት ካለ ማፈኛ ይሠራለታል። 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 250 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ በብዛት የተበሳሳ ባለ 150 ሚሊ ሜትር ቱቦ አስገቡ። የተበሳሳውን በስስ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ በሁለቱ መካከል ያለውን 50 ሚሊ ሜትር ክፍተት በሮክዉል (ከድንጋይ የተሠራ፣ እንደ ጥጥ ያለ መሙያ) ሙሉና ጫፎቹን ድፈኑ። ሮክዉል ስትነኩ ጓንትና ማስክ አድርጉ። ይህ ማፈኛ ሹል ድምፅን ያጠፋል፤ ወፍራሙን ጉርምርምታ ግን ብዙም አይነካውም። ለእርሱ ፋኑን ባለ 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ ሣጥን ውስጥ ማስገባት ይሻላል። የቱቦ ፋን ሞተር የሚቀዘቅዘው በፋኑ ውስጥ በሚያልፈው አየር ስለሆነ ይህ ለእርሱ ብቻ ይሠራል፤ ሞተሩ ከአየሩ መንገድ ውጭ የሆነ ፋን በሣጥኑ ውስጥ ይቃጠላል።

በነገራችን ላይ፣ ማፈኛውን አየር በሚወጣበት በኩል ከገጠማችሁት የክፍሉ እርጥበት ሮክዉሉን ያረጥበዋል። በእኛ አስተያየት አዲስ የሚጀምር ሰው ፋኑን በመግቢያው በኩል አድርጎ ንጹህ አየር ወደ ውስጥ እንዲገፋ ቢያደርግ ይመረጣል። ፋኑም ማፈኛውም ደረቅ ይሆናሉ፣ እንጉዳዩ ከሚበትነው ዱቄት መሰል ዘር፣ ከስፖርም ይድናሉ። ታዲያ የክፍሉ በርና ስንጥቅ በደንብ ካልተዘጋ፣ ወደ ውጭ የሚወስድ መውጫም ካልተበጀ፣ ስፖሩ ወደ መኖሪያ ቤት ይገፋል፤ ሳንባም ያስቆጣል።

ፋናቸው በመውጫው በኩል ያለ ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ ክንፉን ይመልከቱ። ኦይስተር ስፖሩ ብዙ ነው፤ ክንፉ ላይ ሲጋገር ሚዛኑን ያዛባና ጸጥ ያለው ፋን በወሩ ይንቀጠቀጣል። መብራት አጥፍታችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ሁሉንም ክንፍ እኩል ጥረጉ፤ ግማሹን ብቻ ማጽዳት ንዝረቱን ያባብሰዋል። ጽዳቱ ካላረመው ኩሽኔታው አልቆ ሊሆን ይችላል። የታሸገ ኩሽኔታ ዘይት አይገባውም፣ ይቀየራል። የምግብ ዘይት ደግሞ ለማንኛውም ሞተር ሙጫ ነው።

ፍጥነቱን ከቀነሳችሁ በኋላ የመጨረሻው ዳኛ እንጉዳዩ ራሱ ነው። መለኪያ ካላችሁ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ1000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አየር 1000 እጅ) እንዳያልፍ ጠብቁ። ከሌላችሁ ቅርጹን እዩ፦ እግሩ ረዝሞ ባርኔጣው ትንሽ ከሆነ አየር አንሶታል። ደረጃውን አንድ ከፍ አድርጉና አዲስ የሚበቅሉትን ተከታተሉ፤ የረዘመው እግር ተመልሶ አያጥርም።