አሎይ ላይ ቼኩ አለፈ፣ ሥዕሉ ግን ባዶ ነው

አሎይ የሲስተምን ንድፍ በሕግ መልክ ጽፎ በኮምፒውተር ለመፈተሽ የሚያገለግል ቋንቋ ነው፤ የሚፈትሸው መሣሪያ አሎይ አናላይዘር ይባላል። ጃቫ መጫኑን፣ ኮዱም ያለ ሲንታክስ ስህተት መነበቡን አይታችኋል ብለን እንለፍ።

ምልክት፦ «ቼክ» (አንድ አባባል ሁልጊዜ እውነት መሆኑን የሚፈትሽ ትእዛዝ) ስታስኬዱ አሎይ አናላይዘር ተቃራኒ ምሳሌ አላገኘሁም ይላል። «ራን» ስታስኬዱ ደግሞ ኢንስታንስ፣ ማለትም ሕጎቹን የሚያሟላ አንድ ምሳሌ፣ አገኘሁ ይላል፤ ሥዕሉን የሚያሳየውን ቪዥዋላይዘር ስትከፍቱት ግን አንድም ሳጥን የለም። በቲም (የሥዕሉ መልክ) ቅንብራችሁ ምክንያት ሁሉም አተም (በሥዕሉ ላይ ሳጥን የሚሆነው ነጠላ ነገር) ተደብቋል የሚል ጽሑፍ ብቻ ይወጣል። ይህ ጽሑፍ ያሳስታል፤ ሰው ቲም ውስጥ ገብቶ ቀለምና ቅርጽ ሲነካካ ይውላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተደበቀ ነገር የለም፣ ኢንስታንሱ ራሱ ባዶ ነው።

ምክንያት፦ በአብዛኛው ያልተጻፈች አንዲት ቃል ናት። በ«ኖድ» ሲግ (የነገሮች ዓይነት) ውስጥ «ኔክስት» የሚል ፊልድ (ኖድን ከኖድ የሚያገናኝ ዝምድና) ታውጁና ብዛቱን ሳትጠቅሱ ትተዉታላችሁ። አሎይ ይህን «ዋን» ብሎ ያነበዋል፦ እያንዳንዱ ኖድ የግድ አንድ ቀጣይ አለው። ከዚያ ዑደት የለም የሚል ፋክት (ሁልጊዜ የሚጸና ሕግ) ትጨምራላችሁ። ኖዶቹ ውሱን ናቸው፤ ሁሉም ቀጣይ ካለው፣ ቀስቱን ተከትሎ የሄደ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ያለፈበትን ኖድ መልሶ ያገኛል። ሁለቱን ሕግ አብሮ የሚያሟላው ኖድ የሌለበት ዓለም ብቻ ነው። በዚያ ዓለም ደግሞ «ሁሉም ኖድ እንዲህ ነው» የሚል አሰርሽን (በቼክ የሚፈተሽ አባባል) ሁሉ እውነት ስለሆነ ቼኩ ያልፋል። ምንም ግን አልተረጋገጠም።

መፍትሄ፦ ከቼክ በፊት «ራን» ውስጥ «ሰም ኖድ» (ቢያንስ አንድ ኖድ ይኑር) ብላችሁ ጻፉ። አሁን ኢንስታንስ አልተገኘም ካለ ጥርጣሬው ትክክል ነው። ቀጥሎ ኦፕሽንስ ውስጥ ሶልቨሩን (ስሌቱን የሚሠራውን ፕሮግራም) አንሳት ኮር (እርስ በርስ የሚጋጩ መስመሮች ስብስብ) ወደሚሰጠው የሚኒሳት ዓይነት ቀይሩት፤ ሳት ፎር ጄ በተባለው ሶልቨር ላይ ከቆያችሁ ኮር አታገኙም። እንደገና አስኬዱና በውጤቱ ላይ «ኮር» የሚለውን ሊንክ ተጫኑ፣ የሚጋጩት መስመሮች ኮዱ ላይ በቀለም ይለያሉ። የቀለመው ክፍል ከበዛ የኮር ማሳጠሪያውን ስልት «ስሎው» አድርጉት። ይዘገያል፣ ግን ትርፍ መስመር ይቀንሳል። ከዚያ የ«ኔክስት»ን ብዛት «ሎን» አድርጉ፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ። ዑደትን የሚከለክለውን ፋክት አትሰርዙ! ብዙዎች ቀድመው የሚያጠፉት እሱን ነው፤ ትክክለኛውን ሕግ ጥለው የተሳሳተውን ያስቀራሉ።

ይኸው ብልሽት ልብሱን እየቀያየረ ይመጣል። የፎልደር ሞዴል ላይ «እያንዳንዱ ፎልደር ወላጅ አለው» ተብሎ ሩት ይረሳል፤ ወላጅ የሚኖረው ከሩት በቀር ላሉት ነው። የፈቃድ ሞዴል ላይ ደግሞ ሁለት ሰው የጻፋቸው ሁለት ፋክቶች ለየብቻ ትክክል ሆነው አብረው አንድም ተጠቃሚ እንዳይኖር ያደርጋሉ።

ከሁሉ የሚከፋው በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው አሎይ 6 ላይ የሚታየው ነው። እዚያ ትሬስ (የሁኔታዎች ቅደም ተከተል) ማለቂያ የለውም፤ የመጨረሻው ሁኔታ ወደ ቀደመ ሁኔታ ተመልሶ ይዞራል። «ሁልጊዜ ከድርጊቶቹ አንዱ ይፈጸማል» ብላችሁ ሥራውን ጨርሶ የሚቆም ሲስተም ከጻፋችሁ፣ ከመጨረሻው ሁኔታ የሚያሻግር ድርጊት ስለሌለ አንድም ትሬስ አይኖርም፣ ቼኩም ሁሉ ያልፋል። «ቫር» የተባሉት (የሚለዋወጡት) ሁሉ እንዳሉ የሚቆዩበት ምንም የማያደርግ ድርጊት ጨምሩ። ይህን ስታደርጉ «በመጨረሻ ይደርሳል» የሚሉ አሰርሽኖች መውደቅ ይጀምራሉ፤ ተቃራኒ ምሳሌው ለዘላለም ቆሞ የሚቀር ሲስተም ይሆናል። ይህ የአሎይ ጥፋት አይደለም፣ የፌርነስ ቅድመ ሁኔታ (ሊፈጸም የሚችል ድርጊት ለዘላለም አይዘለልም የሚል) መጻፍ የእናንተ ሥራ ነው።

ቼክ ሲወድቅባቸው አሰርሽኑን እንዳለ ቀድተው ፋክት ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። ይህ ጥገና አይደለም፤ ከዚያ በኋላ አሎይ የሚነግራችሁ እናንተ የነገራችሁትን ነው።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ቼኩ በትክክል አለፈ፣ ስህተቱ ግን አለ፦ ስኮፕ (የሚሞከረው የአተም ብዛት ገደብ) ካልሰጣችሁ ለእያንዳንዱ ዋና ሲግ እስከ 3 አተም ብቻ ይሞከራል። አራት ኖድ የሚፈልግ ስህተት አይታይም። ወደ 5፣ ከዚያ ወደ 7 ከፍ አድርጉ። በአንዴ 20 አትበሉ፤ ሦስት ዓምድ ያለው ሪሌሽን (ዝምድና) በስኮፕ 5 ላይ 125 ቢት ሲሆን በ10 ላይ 1000 ይሆናል።

ድምር ኔጌቲቭ ሆኖ ወጣ፦ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) በነባሪው 4 ቢት ስለሆነ ከ−8 እስከ 7 ብቻ ይይዛል፣ 7 ሲደመር 1 ደግሞ −8 ይሆናል። «5 ኢንት» ብትሉ ከ−16 እስከ 15 ይደርሳል።

ሥዕሉ የቀስት ድር ሆነ፦ «ታይም» ወይም «ስቴት» የሚል ሲግ ካላችሁ በእሱ ላይ ፕሮጀክት አድርጉት፤ አንድ በአንድ ይታያል። ብዙ ቀስት የሚያመጣውን ሪሌሽን ቲም ውስጥ ገብታችሁ እንደ ቀስት መታየቱን አጥፉና እንደ አትሪቢዩት ሳጥኑ ውስጥ እንዲጻፍ አድርጉት። ቲሙን በፋይል ሴቭ አድርጉ፣ አለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ከዜሮ ነው።