መብራቱን አትጣሉት! በገና ሰሞን የሚያሰለቹኝ ስህተቶች

ታኅሣሥ ከገባ ስልኬ አያርፍም። «መብራቱ ይርገበገባል።» «አልደበዝዝ አለኝ።» «ግማሹ ቦግ ብሎ ግማሹ ፈዟል።» ሄጄ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ደህና ነው። ችግሩ ከጀርባው ነው። ሰው ግን ቀድሞ የሚጥለው መብራቱን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ካፌ ጓሮ ተጥሎ ያገኘሁት ጥቅል ስትሪፕ ላይት (እንደ ፕላስተር የሚለጠፈው ረጅም መብራት) ዛሬ የኔ ሳሎን ኮርኒስ ላይ ይበራል።

የድሮ ዲመር ከኤልኢዲ ጋር ማጋባት

ይቺን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔም አላውቅም። ግድግዳ ላይ ያለው የሚሽከረከር ዲመር (ማደብዘዣ) የተሠራው ለድሮው ባለ ክር አምፖል ነው። ያ አምፖል አንዱ ብቻውን 60 ወይም 100 ዋት ይበላ ነበር። የገና ዛፍ ኤልኢዲ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቅሉ በሙሉ 10 ዋት እንኳ አይሞላም። ዲመሩ ውስጥ ትራያክ የምትባል፣ ከረንቱን እንደ በር የምትከፍትና የምትዘጋ ዕቃ አለች። ተከፍታ እንድትቆይ በውስጧ በቂ ከረንት ማለፍ አለበት። ካላገኘች መሃል ላይ ትዘጋለች። ደግሞ ትከፈታለች፣ ደግሞ ትዘጋለች። የኛ መብራት 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ዙር ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለምትሞክር በሰከንድ 100 ጊዜ ነው። አንዱ ተሳክቶ ሌላው ሲከሽፍ ዓይናችሁ የሚያየው መርገብገብ ነው።

የባሰም አለ። ባለ 12 ቮልት ስትሪፕ ላይት ፓወር ሰፕላይ አለው። የፓወር ሰፕላዩ ሥራ የሚገባው 220 ቢዋዥቅም የሚወጣውን 12 ላይ ማቆየት ነው። ከሱ ፊት ዲመር ስታስገቡ እናንተ ትቀንሳላችሁ፣ እሱ ያስተካክላል። ትቀንሳላችሁ፣ ያስተካክላል። በመጨረሻ አቅም ሲያጣ ድርግም ይላል። ተመልሶ ይነሳል። ደግሞ ድርግም። አንድ የሠርግ አዳራሽ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ «ትንሽ ደብዘዝ ይበል» ተባለና አንዱ ልጅ ዲመሩን አዞረው። መድረኩ ጭፈራ ቤት መሰለ። ዲጄው የታሰበበት ነገር መስሎት ዘፈን ቀየረ። እኔ በካቻቢቴ የዲመሩን ክዳን ስፈታ ሙሽሪት በአጠገቤ አለፈች።

ዲመሩ የሚገባው ከፓወር ሰፕላዩ በኋላ፣ በ12 ቮልቱ በኩል ነው። ለዚያ የተሠራ ትንሽ ዲመር አለ፤ መብራቱን በጣም እየፈጠነ በማብራትና በማጥፋት ነው የሚያደበዝዘው። በቀጥታ 220 ላይ ለሚሰካው ጥቅል ደግሞ ካርቶኑን አንብቡ። «ዲመብል» ካላለ አይደበዝዝም፣ በቃ። ካለም የሚፈልገው ለኤልኢዲ የተሠራ ዲመር ነው። ለዛሬ ማታ ብቻ ማምለጫ ከፈለጋችሁ እዚያው መስመር ላይ አንድ ባለ 40 ዋት የድሮ አምፖል ጨምሩ። ትራያኳ የምትይዘው ነገር ታገኛለች። አምፖሉ ስለሚግል ግን መጋረጃ አጠገብ አታድርጉት።

አዝራሯን መርሳት

ስፒናው አጠገብ ያለችው ትንሽ ሳጥን አዝራር አላት፤ ብልጭታውን የምትቀይረው እሷ ናት። መብራት ሄዶ ሲመጣ አብዛኞቹ ወደ መጀመሪያው ስልት ይመለሳሉ። ስለዚህ ትናንት ዝም ብሎ ይበራ የነበረው ዛሬ ብልጭ ድርግም ይላል። ለዚህ ብቻ ከተማውን አቋርጬ ሄጄ አውቃለሁ። አዝራሯን ተጭኜ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ።

ስትሪፕ በስትሪፕ ላይ መቀጠል

አንድ ጥቅል 5 ሜትር ነው። ሰው ሦስቱን ቀጥሎ 15 ሜትር ያደርግና በአንድ ጫፍ ብቻ ኃይል ይሰጠዋል። በሜትር 60 አምፖል ያለው፣ «5050» የሚል የአምፖል መጠን ቁጥር ያለበት ዓይነት በሜትር 14.4 ዋት ይወስዳል። 15 ሜትሩ 216 ዋት ነው፣ በ12 ቮልት 18 አምፔር። ያ ሁሉ ከወረቀት በማይወፍር መዳብ ውስጥ እንዲያልፍ ነው የተጠየቀው። አያልፍም። መንገድ ላይ ቮልቴጁ ይወድቃል። መልቲሜትር ካላችሁ መብራቱ በርቶ ሁለቱንም ጫፍ ለኩ፤ መነሻው 12 ሆኖ መጨረሻው 9 ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። ቀለም በሚቀይረው ዓይነት ላይ ደግሞ ያለ መለኪያም ይታያል። መነሻው ነጭ ሆኖ ጫፉ ወደ ቀይ ይሄዳል፤ ሰማያዊው ከቀዩ የበለጠ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው። ከፓወር ሰፕላዩ ወፍራም ሽቦ አውጡና እያንዳንዱን 5 ሜትር ለብቻው አብሉት።

በጠባብ ፓወር ሰፕላይ መቆጠብ

ከላይ ያልኩት 5 ሜትር 72 ዋት ነው፣ 6 አምፔር። «5 አምፔር ይበቃዋል» ያላችሁ ሻጭ አልለካውም። ጭነት የበዛበት ፓወር ሰፕላይ ራሱን ለማዳን ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ይጠፋል። እንደ መኪና ፍሬቻ እኩል እየቆጠረ የሚበራ ካያችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። ቢያንስ 20 በመቶ ትርፍ ያለው ግዙ።

ግራውንድ አለማገናኘት

ይሄ የኔ ነው። እያንዳንዱ አምፖል ለብቻው የሚታዘዝበትን ፒክስል መብራት መጀመሪያ የሠራሁ ጊዜ ትዕዛዝ የሚሰጠውን ኮንትሮለር በአንድ ፓወር ሰፕላይ፣ መብራቱን በሌላ አስነሳሁ። ትዕዛዙ የሚሄድባትን የዳታ ሽቦ አገናኘሁ። መብራቱ እንዳበደ ሰው የፈለገውን ቀለም ያሳይ ጀመር። ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ፒክስሎቹን ቀየርኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሁለቱን ፓወር ሰፕላይ ኔጌቲቭ፣ ግራውንድ የምንለውን፣ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ አያያዝኩ። ወዲያው ጸጥ አለ። ዳታው የሚለካው ከግራውንድ አንጻር ነው፤ የጋራ ግራውንድ ከሌለ መብራቱ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው። ደግሞ ፕሮግራም ላይ 50 በመቶ ስትሉት በዓይን ግማሽ አይመስልም፤ ዓይናችን እንደዚያ አይቆጥርም። ግማሽ እንዲመስል ወደ 20 በመቶ ገደማ አውርዱት።

የውጭ መጋጠሚያን በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መተው፦ ጤዛ ይገባበታል፣ ይዝጋል፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ይርገበገባል።

በዓይን የማይታይ መርገብገብ ቪዲዮ ላይ ብቻ ከወጣ መብራቱን ከመንካታችሁ በፊት ቀራጩ የካሜራውን ሸተር (የመክፈቻ ፍጥነት) 50 ወይም 100 ላይ ያድርገው።

ከአሜሪካ የመጣን መብራት እዚህ መሰካት

ዘመድ ከዋሽንግተን ሲመጣ የገና መብራት ይዞ ይመጣል። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። ሻንጣ ውስጥ አብራ የመጣችው የስፒና መቀየሪያ የጥርሱን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አትቀይርም። ቮልቴጁን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። እሱም ተገኝቶ አንዳንዱ እዚህ ከዚያ የበለጠ ይርገበገባል፤ ርካሹ ዓይነት በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ብቻ ስለሚበራ እዚያ በሰከንድ 60 የነበረው እዚህ 50 ይሆናል።

ይሄን ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ የአክስቴን መብራት በዚያች መቀየሪያ ሰካሁላት። እንደዚያ ያማረ መብራት አይቼ አላውቅም፣ ለሁለት ሰከንድ ያህል። ከዚያ ጧ! ዲቫይደሩም አብሮ ሄደ። አክስቴ አሁንም በየገናው ትጠራኛለች። ስሰካ ግን እሷ በር ላይ ነው የምትቆመው።