በጅማ ከአካባቢ አምራቾች እንዴት እንደሚገዛ

«የአካባቢዎን ምርት ይግዙ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የምጽዋት ጥሪ ይመስላል፤ ገበሬው ያሳዝናልና እንርዳው እንደማለት ነው። በጅማ ይህ አነጋገር ቦታ የለውም። በዙሪያዋ ቡና፣ ማር፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ኮረሪማና አቮካዶ በሚመረትባት ከተማ እየኖሩ ከአምራቹ መግዛት የራስን ኪስና የራስን ገበታ መጠበቅ ነው። ጥቅሙ ግን እንዲሁ አይገኝም። ቸርቻሪው ከገበሬው በርካሽ ወስዶ ለእርስዎ በውድ መሸጥ የሚችለው የገበያውን ቀን፣ ወቅቱንና ሚዛኑን ከእርስዎ የበለጠ ስለሚያውቅ ነው። ይህን እውቀት ሸማቹም ሊይዘው ይችላል፤ አካሄዱ የሚከተለው ነው።

1. የጅማን ምርት ጅማ ላይ ከሚሸጠው ይለዩ

የአንድ ወር የቤት ወጪዎን ወረቀት ላይ ያስፍሩና በእያንዳንዱ ዕቃ ጎን ከየት እንደመጣ ይጻፉ። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙናና ፓስታ ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ጊዜዎን አያጥፉ። ቀይ ሽንኩርትም አብዛኛውን ጊዜ ከስምጥ ሸለቆ በጭነት መኪና የሚመጣ ነው፤ በጅማ መርካቶ መሬት ላይ ስለተዘረጋ ብቻ የጅማ ምርት አይሆንም። ድንችና ጎመን ከዴዶ ደጋ፣ ቡና ከጎማ፣ ከማናና ከሊሙ ኮሳ፣ ጤፍ ከኦሞ ናዳና ከቀርሳ፣ ማር ከጌራ ይመጣል።

ከዝርዝሩ ሦስት ወይም አራት ዕቃ ብቻ ይምረጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመለወጥ የተነሳ ሰው ብዙም ሳይቆይ ደክሞት ወደ ሰፈሩ ሱቅ ይመለሳል። ከየት ልጀምር ለሚል ሰው የእኔ ምርጫ ቡና፣ ማርና ጤፍ ነው፤ ሦስቱም ሳይበላሹ ስለሚቆዩ በየሳምንቱ ገበያ አያመላልሱም።

2. ወቅቱን ይያዙ

የቡና ለቀማ በጥቅምት ተጧጡፎ እስከ ታህሣሥ ይዘልቃል፤ የደረቀው ቡና በብዛት ገበያ የሚወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ጤፍ ታጭዶ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ ማለትም በታህሣሥና በጥር፣ ዋጋው ረገብ ይላል፤ ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይና ጎተራው ሲጎድል ይወደዳል። የዓመት ቀለብ በጥር መሸመት የቆየ ብልሃት ነው፤ ችግሩ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አለመገኘቱ ነው። ዕቁብ ያላቸው ሰዎች ዕጣው በዚያን ጊዜ እንዲደርሳቸው ሰብሳቢውን ቢያነጋግሩ ያዋጣቸዋል። ዕቁብ የሌላቸው ደግሞ ከሁለት ከሦስት ጎረቤት ጋር አንድ ኩንታል በጋራ ገዝተው በኪሎ መከፋፈል ይችላሉ።

ቅቤና እንቁላል በዐቢይ ጾም ረከስ ይላሉ። ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ሲገጥም ግን ይህ ስሌት ጅማ ላይ አይሠራም፤ ከተማዋ የሁለቱም ናትና።

3. ሐሙስን አይለፉ

ሂርማታ ከጥንት ጀምሮ የጅማ ትልቅ ገበያ ነው፤ በአባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ አገር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ይገናኙበት ነበር። ዋናው የገበያ ቀን ሐሙስ ነው። ከገጠር የሚመጡት ሻጮች የበዙበት ቀን ስለሆነ ከአምራቹ ጋር ፊት ለፊት ለመገናኘት ከሱ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

ከረፋዱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይሂዱ፤ ምርጫው ያለው ያን ጊዜ ነው። አመሻሹ ላይ ዋጋ ይወርዳል፤ ሩቅ መንገድ የሚጠብቃት ሴት ጎመኗን ተሸክማ መመለስ አትፈልግምና። ይህን ሰዓት ጠብቀው ዋጋ የሚሰብሩ ሸማቾች ብልጥ የሆኑ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አልመክርም። በኪሳራ የሸጠች ሴት ለሚቀጥለው ሐሙስ ምርጡን አስቀርታ አትጠብቅዎትም።

ዘንቢል፣ ክዳን ያለው የማር ዕቃና ዝርዝር ብር ይዘው ይውጡ። ቴሌብር ሱቅ ላይ ይሠራል፤ መሬት ላይ መደብ ዘርግተው ለሚሸጡት አብዛኞቹ ግን ጥሬ ገንዘብ ይሻላል።

4. አምራቹን ከነጋዴው ይለዩ

አምራቹ የሚያቀርበው ዓይነት ጥቂት ነው። ድንቹ ላይ አፈሩ አልረገፈም፤ ትልቁና ትንሹ ተቀላቅሏል፤ መጠኑም አንድ ሰው ተሸክሞ ወይም በአህያ ጭኖ ሊያመጣው የሚችለው ያህል ነው። ነጋዴው ዘንድ ግን ክምሩ ከፍ ያለ፣ በመጠን የተለየ ይሆናል፤ ከድንቹ ጎን ሽንኩርት፣ ከሽንኩርቱ ጎን ቲማቲም ይደረደራል። ከተጠራጠሩ መቼ እንደተለቀመና ማሳው የት እንደሆነ ይጠይቁ። ያመረተ ሰው ሳያስብ ይመልሳል።

ከገጠር የሚመጡት አብዛኞቹ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ናቸው። «አከም ጂርቱ» ብሎ የጀመረ ሸማች በአማርኛ ቢቀጥል እንኳ አቀባበሉ ሌላ ነው።

ነጋዴውን እንደ ጠላት ማየት አያስፈልግም። ከጌራ ጫካ አፋፍ ማር ሰብስቦ ጅማ ያደረሰ ሰው የሠራው ሥራ አለ፤ ዋጋም ይገባዋል። መቀነስ ያለበት ዕቃውን ሳይነካው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚያዛውረው ነው፤ በከተማው መግቢያ ቆሞ ጭነቱን በጅምላ ተቀብሎ እዚያው የሚያሻግረው። እሱ ላይ የሚቀረው ብር ቢተርፍ ለእርስዎና ለገበሬው ይካፈላል። ለገበሬዋ የደረሰው ብር ደግሞ ብዙ ርቆ አይሄድም፤ ጎመኗን ሸጣ ስትጨርስ በዚያው ዕለት ከከተማው ሱቅ ጨው፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር ገዝታ ነው የምትመለሰው። ባለሱቁም ይህን ስለሚያውቅ ሐሙስን በጉጉት ይጠብቃል።

5. ቡና ላይ ረጋ ይበሉ

በቡና አገር ተቀምጦ መጥፎ ቡና መጠጣት ብርቅ አይደለም፤ ምክንያትም አለው። ለውጭ ገበያ የሚበቃው ቡና ከገበሬው ወደ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢው ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢው ወደ ላኪ ይሄዳል፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን ማገበያየት ከጀመረበት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ብዙው በዚያ በኩል ያልፍ ነበር። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ወደ አገር ውስጥ ችርቻሮ እንዳይገባም ቁጥጥር አለ። ሱቅ ውስጥ የምናገኘው እንግዲህ ብዙውን ጊዜ በደረጃ የወደቀውን ነው። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ትጠጣዋለች፤ የምትጠጣው ግን የተመረጠውን ግማሽ አይደለም።

ሌላው ምክንያት አለቃቀሙና አደራረቁ ነው። ቀዩና አረንጓዴው ፍሬ ተቀላቅሎ ሲለቀም፣ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ መድረቅ ሲገባው ባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ ስኒው ውስጥ አፈር አፈር የሚል ነገር ይገባል። የጅማ ደረቅ ቡና በላኪዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ያለ ስም ይዞ የኖረው በፍሬው ድክመት አልነበረም። ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ በአጋሮ ዙሪያ እንደ ዱሮሚናና ናኖ ጫላ ያሉ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ቀዩን ብቻ ለቅመው ማጠብ ከጀመሩ በኋላ የውጭ ገዢዎች ቡናቸውን በየስማቸው እየጠሩ የሚፈልጓቸው ሆነዋል።

ስለዚህ ከገበሬ ሲገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋው ሳይሆን የደረቀበት ቦታ ይሁን። ቀጥሎ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ወይስ የተቀሸረ እንደሚፈልጉ ይወስኑ። ጀንፈሉ ፍሬውን ስለሚጠብቅለት ለወራት መዓዛውን ይዞ ይቆያል፤ ለቤት የሚያስቀምጥ ሰው ጀንፈል ቢገዛ ይሻለዋል። ሲቀሸር ግን ክብደቱ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አይርሱ፤ ሁለት ኪሎ ጀንፈል አንድ ኪሎ ያህል ቡና ቢሰጥ ነው። እፍኝ ሙሉ ጀንፈል አንስተው ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት፤ በደንብ የደረቀው ውስጡ ይንኳኳል።

የተቀሸረውን ከሆነ የሚገዙት መዳፍዎ ላይ ዘርግተው ያገላብጡት። የጠቆረ፣ የተሰበረና ነቀዝ የበሳው ፍሬ ከበዛ ይተዉት። አንዱን ፍሬ በጥርስዎ ይንከሱ፤ ጥርስ የሚገባበት ከሆነ ገና እርጥብ ነው፤ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል፤ እርስዎም የውሃ ክብደት እየገዙ ነው። በመጨረሻ ያሽትቱት። የሻጋታ፣ የጭስ ወይም የአፈር ሽታ በመቁላት አይለቅም።

ዋጋ ሲጠሩልዎ በምን መስፈሪያ እንደሆነ ያጣሩ። ቡና በፈረሱላ ይነገራል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። የተጠራውን ዋጋ ለ17 አካፍለው ከሱቁ የኪሎ ዋጋ ጋር ያነጻጽሩ። ከተቆላ ቡና ጋር ሲያነጻጽሩ ደግሞ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ እንደሚያጣ ያስቡ። ፈረሱላ ሙሉ ከመግዛትዎ በፊት ለአንድ ጀበና የሚሆን ወስደው ቤትዎ ቆልተው ይቅመሱ፤ ጨዋ ሻጭ ይህን አይከለክልም።

ገበሬው ዝርያውን በቁጥር ሲጠራልዎ አይደናገሩ። 74110 እና 74112 የመሳሰሉት ከከተማዋ ወጣ ብሎ በመልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው፣ የቡናን ፍሬ የሚያጠቁረውን በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ናቸው፤ 74 የሚለው ቁጥር የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል።

6. ማር ሲገዙ

በማር ላይ የሚሞኘው ሸማች አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የሚመርጠው ነው። ቀለሙን የሚወስነው ንቡ የቀሰመው አበባ ነው፤ ከገተማ ዛፍ የተገኘው ነጭ፣ ከግራዋ የተገኘው ጠቆር ያለና መረር የሚል ይሆናል። ጥቁር ማር የተበላሸ ነው ማለት አይደለም፤ መረር የሚለውን ለጤናው ብሎ ፈልጎ የሚገዛም አለ።

የረጋ ማርም አያስደንግጥዎ። እንደ ጅማ ባለ ቀዝቀዝ የሚል አየር ውስጥ ንጹሕ ማር መርጋቱ የተለመደ ነው። በክብሪት ማቃጠል፣ ውሃ ውስጥ ማንጠባጠብ የሚባሉት ፈተናዎች ስኳር የገባበትን ማር ሁልጊዜ አያጋልጡም፤ አልተማመንባቸውም። የሚሻለው ከነሰፈፉ መግዛትና ከአንድ ሻጭ አለመራቅ ነው። ከነሰፈፉ የሆነውን ማጭበርበር ከተጣራው ይልቅ ያስቸግራል። ለጠጅ ከሆነ የሚፈልጉት ደግሞ ሰፈፉ መኖሩ ጉዳት የለውም፤ ለጠጅ የሚሆነውን በተጣራው ዋጋ አይግዙ እንጂ።

7. በርጩማ፣ ጀበና፣ ልብስና ብረት

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ መገጣጠሚያ የለውም፤ ሚስማር ወይም ሙጫ ካዩ ሌላ ዕቃ ነው። ዋናው ፈተና ድርቀቱ ነው። ሲያነሱት ከመጠኑ በላይ የከበደና ሲነኩት የሚቀዘቅዝ ከሆነ እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ቤትዎ ገብቶ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ገልብጠው ስንጥቅ በቀለም ወይም በሰም ተደፍኖ እንደሆነ ይዩ። በርጩማ የሚፈለፈልበት ዋንዛ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጥ ከተከለከሉት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ስለሆነ ግንዱ ከየት እንደተገኘ መጠየቅ ነውር የለውም፤ በገበሬ ጓሮ የበቀለ ዋንዛ ሞልቷል።

ጀበና ውሃ ሞልተው ሳያዩ አይክፈሉ። ቤት ወስደው ሳያሟሹ ቡና ካፈሉበት ቢሰነጠቅ ጥፋቱ የሸክላ ሠሪዋ አይደለም።

ለልብስ ሰፊ፣ ለእንጨትና ለብረታ ብረት ሥራ ሲያዝዙ ልኩን፣ የጨርቁን ወይም የብረቱን ዓይነት፣ የሚረከቡበትን ቀንና የሰጡትን ቀብድ በአንድ ወረቀት ያስፍሩ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከግማሽ በላይ ቀብድ አይስጡ። በእጅ የተሠራ በር ሲበላሽ ሠሪው ሰፈር ውስጥ ስላለ ይጠራል፤ ተሠርቶ ከሩቅ የመጣውን ግን ማን ይመልሰዋል? የአካባቢ ባለሙያ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይሄ ነው።

8. ደንበኛ ይሁኑ

ዋጋ መከራከር የገበያው ወግ ነው፤ ግን ከክርክሩ ይልቅ መመላለሱ ያተርፋል። ከአንድ ሻጭ ለተከታታይ ሳምንታት የገዛ ሰው ምርቃቱ ይበዛለታል፤ የተበላሸ ሲገጥመው ይለወጥለታል፤ ምርቱ በሚጠፋበት ጊዜም ድርሻው ይቀመጥለታል። ሻጯ ሳትመጣ ብትቀር የምታምናት ጎረቤቷ ማን እንደሆነች ቀደም ብለው ይጠይቋት። ዕቃው ካልጣመዎት በሚቀጥለው ሐሙስ ለራሷ ይንገሯት፤ ዝም ብሎ ወደ ሌላ መሄድ ሁለታችሁንም ይጎዳል።

ጥሩ ቡና ያገኘ ሰው አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ መላክ ማማሩ አይቀርም። ለአንድ ቤት ከሚበቃው በላይ የሆነ ቡና ያለ ማስረጃ ሲጓጓዝ ኬላ ላይ ሊያዝ ይችላል። ከመጫንዎ በፊት የተፈቀደውን መጠን ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ አውቶቡስ ላይ ከተሳፈሩ በኋላ መከራከር ዋጋ የለውም።