ቤተሰብ በፍስክም ቀን አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ እንዴት ይደረጋል

እኛ ቤት ሁዳዴ ላይ ትሪው ሙሉ ነው፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ቀይ ስር፣ ፎሶሊያ፣ ዱባ ወጥ ሁሉም በየተራ ይመጣል፣ ልክ ፋሲካ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ጥፍት ይልና ዶሮ፣ ጥብስ፣ ቅቅል ብቻ ይሆናል። አባቴማ በፍስክ ቀን ጎመን ሲያይ "ዛሬ ረቡዕ ነው እንዴ?" ብሎ ከልቡ ይጠይቃል። ይሄ የእኛ ቤት ብቻ አይመስለኝም፣ ክረምቱ ሲወጣ "የጎመን ምንቸት ውጣ የገንፎ ምንቸት ግባ" የምንል ሰዎች ነን፣ "ጎመን በጤና" ስንልም ጎመኑን ዝቅ አድርገን ነው። ስለዚህ አንድን ሰው አትክልት ብላ ስትሉት እሱ የሚሰማው ጹም ወይ ተቸገር እንደተባለ ነው። ይሄን በክርክር ማሸነፍ አይቻልም፣ ብዙ ሞክሬያለሁ፣ የሰራልኝ ነገር ሳይጨቀጭቁ ማዕዱን ራሱን ቀስ በቀስ መቀየር ነው።

1. መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ ቁጠሩ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይላል፣ ይሄ 80 80 ግራም ለአምስት ጊዜ ማለት ነው። መካከለኛ ሙዝ ወይ አንድ ብርቱካን እንደ አንድ ይቆጠራል፣ የተሰራ ጎመን ደግሞ ሞላ ሞላ ያለ አራት የሾርባ ማንኪያ። ድንች ግን አይቆጠርም! ስኳር ድንችም እንደዛው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋር ነው የሚሳሳተው፣ ድንች ወጥ በልቶ አትክልት በላሁ ይላል። ሽንኩርት ይቆጠራል፣ እኛ ደግሞ ሽንኩርት አንሰስትም፣ ግን ቀኑን ሙሉ በሽንኩርት ብቻ መሙላት አይሆንም፣ ቅጠሉም ካሮትና ዱባውም ያስፈልጋል። ቤታችሁ በቀን ስንት ላይ እንዳለ ስታዩ ከዛ ላይ አንድ ብቻ ለመጨመር አስቡ፣ በአንዴ አምስት ላይ ልድረስ ያለ ሰው በሳምንቱ ይተወዋል።

2. ከሚወዱት ምግብ ጋር አጋቡት

እኔ የጀመርኩት በጎመን በስጋ ነው፣ ምክንያቱም ስጋ ያለበትን ነገር አባቴ የጾም ነው ሊል አይችልም። አሰራሩ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቻችን ጎመኑን ለብቻው እስኪሟሽሽ ቀቅለን ውሃውን እንደፋለን፣ ከውሃው ጋር ደግሞ ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን አብሮ ይደፋል። እኔ ስጋውን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት አቁላልቼ ውሃ ጠብ አድርጌበት እስኪለሰልስ እጠብቃለሁ፣ ከዛ ታጥቦ ቀጠን ተደርጎ የተከተፈውን ጎመን በጥሬው እዛው መረቁ ውስጥ እጨምራለሁ፣ የሚወጣው ነገር መረቁ ውስጥ ስለሚቀር አብሮ ይበላል። ክዳኑን አልገጥምም፣ ሲከደን አረንጓዴነቱ ይጠፋና ቡናማ ይሆናል፣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው በአይኑ ነው። የሀበሻ ጎመን ጠንከር ስለሚል አስራ አምስት ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል፣ ቆስጣ ከሆነ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ሊወጣ ሲል ቃሪያ፣ ኮረሪማ፣ ትንሽ ቅቤ። ቅባቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ ጎመንና ካሮት ውስጥ ያለው ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀየረው ነገር ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም።

ከዚህ በኋላ ሌላው ቀላል ነው፣ እንቁላል ፍርፍር ላይ አንድ እፍኝ ቆስጣ፣ ፓስታ ሶስ ላይ የተፈገፈገ ካሮትና ዝኩኒ፣ ምስር ወጥ ውስጥ ዱባ፣ ጥብስ ከወጣ አጠገቡ ቲማቲም በቃሪያ ሎሚ ተጨምቆበት። ሎሚው በተለይ ምስርና ጎመን ላይ ጥሩ ነው፣ ቫይታሚን ሲ አይረኑን ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል፣ ቡናና ሻይ ግን ተቃራኒውን ስለሚያደርጉ ከምግቡ አንድ ሰዓት ራቅ ብታደርጓቸው ይሻላል።

አንዳንዶች ፈጭቶ ደብቆ ማብላትን ይመክራሉ፣ እኔ አልወደውም። የተደበቀበት ሰው ጣዕሙን አይለምደውም፣ ያወቀ ቀን ደግሞ እናንተ የሰራችሁትን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። ካሮት አለበት በሉት፣ በቃ።

3. ፍራፍሬው ተልጦ፣ ተቆርጦ፣ ፊት ለፊት ይቀመጥ

ፓፓያ ሙሉውን ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ማንም ቢላ አንስቶ አይቆርጠውም፣ በአራተኛው ቀን በስብሶ ትጥሉታላችሁ። ያው ፓፓያ ተልጦ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ በሳህን ተቆራርጦ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት ልጆች ከትምህርት ቤት በሚገቡበት አስር ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ቢጠብቃቸው ግን ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ያነሳሉ። ሚስጥሩ ሰዓቱ ነው፣ የራበው ሰው ፊቱ ያለውን ነው የሚበላው፣ ብስኩቱ ቀድሞ ከወጣ ፓፓያው ተሸነፈ። ለአዋቂም እንደዛው ነው፣ እራት ሳይቀርብ ሰላጣውን ብቻ ቀድማችሁ አውጡት።

ስለ ጁስ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ስፕሪስ እኔም እወዳለሁ፣ ግን ፍሬው ሲጠለል ፋይበሩ ይቀራል፣ ላዩ ላይ ስኳር ሲጨመርበት ደግሞ ለስላሳ መጠጥ ከመጠጣት ብዙም አይርቅም። አልፎ አልፎ ይጠጣ፣ ለየቀኑ ግን ፍሬው ራሱ ይታኘክ።

4. ገበያው ላይ ወቅቱን ተከተሉ

ማንጎ ሲበዛ ማንጎ፣ በክረምት በለስ ሲወጣ በለስ፣ ወቅቱ የሆነው ነገር ይረክሳልም ይጣፍጣልም። አቮካዶ ስትገዙ ለዛሬ የሚሆን፣ ለነገ ወዲያ የሚሆንና ድንጋይ የሆነ አቀላቅላችሁ ውሰዱ፣ ያለዛ ሁሉም በአንድ ቀን ይበስልባችኋል፣ ቶሎ እንዲበስል የፈለጋችሁትን ከሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልሉት። ከጉልት አንድ አይነት ብዙ መደብ ከመግዛት ከሶስት አይነት አንድ አንድ መደብ ይሻላል። ውጭ ሀገር ያላችሁ ደግሞ ኮላርድ ግሪን እንደ ጎመን በደንብ ይሰራል፣ ፍሮዝን ስፒናችም ቢሆን ከትኩሱ አያንስም፣ አትናቁት።

5. እጥበት ላይ አትቸኩሉ

በከተማ ዳር በቆሸሸ የወንዝ ውሃ የሚለማ አትክልት ስላለ ቅጠላ ቅጠልን ቅጠል በቅጠል እየለዩ በሚፈስ ንጹህ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል፣ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁት ደግሞ አብስሎ መብላቱ ይሻላል። ማንጎና ሐብሐብም የሚላጡ ቢሆኑም ከመቆረጣቸው በፊት ይታጠቡ፣ ላዩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ቢላው ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። ቤት ውስጥ የኩላሊት ህመምተኛ ካለ ሙዝና አቮካዶ ፖታሲየማቸው ብዙ ስለሆነ መጠኑን ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትጨምሩ።

6. ልጆችን አታስገድዱ፣ ግን አትተዉም

ልጅ አዲስ ጣዕም እስኪለምድ ስምንትም አስርም ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፣ እኛ ግን ሁለት ጊዜ ሲተፋው "አይወድም" ብለን እንዘጋዋለን። ትንሽ ቁራጭ ሳህኑ ላይ አድርጉለት፣ ካልበላው ምንም ሳትናገሩ አንሱት፣ ከሶስት ቀን በኋላ እንደገና፣ እናንተ ደግሞ ፊቱ ብሉ። አሰራሩንም ቀይሩ። የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ወጥ ውስጥ ያለ ካሮት እየለቀመ ያወጣል፣ ራሱ አጥቦ የላጠውን ጥሬ ካሮት ግን ቁጭ ብሎ ሙሉውን ይጨርሳል፣ ስለዚህ እሱ እኛ ጋር በሚውልበት ቀን ሁለት ካሮት ሳይቀቀል አስቀርቼ መላጫውን ለእሱ እሰጠዋለሁ።